ከገዛ መሪያቸው ገሸሽ የሚሉ ዕጩዎች

ቀኑ ኖቬምበር 6፣ 2006 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ነገ ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፔንሳኮላ ወደምትባል የፍሎሪዳ ከተማ መጥተዋል። የፍሎሪዳ ገዥ የሆኑት ወንድማቸው ጄብ ቡሽ ዘመናቸውን ጨርሰው ሊወርዱ ነው። እሳቸውን ለመተካት የሚወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ቻርሊ ክሪስት ናቸው። ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ፕሬዚዳንቱ ደርሰዋል፣ ክሪስት ግን የሉም። ሌላ ከተማ ሄደው የራሳቸውን ቅስቀሳ እያደረጉ ነው።

የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ ያውም የገዛ ፓርቲህ መሪ፣ አንተን ሊያስመርጥ አገር አቋርጦ ሲመጣ መቅረት! በእኛ ደንብ እንግዳ ጠርቶ በር ዘግቶ እንደ መውጣት ነው። ክሪስት ግን በደንብ አስበውበታል። በኢራቅ ጦርነትና በካትሪና ማዕበል የተነሳ የቡሽ ድጋፍ ከ40 በመቶ በታች ወርዷል። ፔንሳኮላ የባሕር ኃይል ሠፈር ያለባት፣ ቡሽን የምትወድ ከተማ ናት። እዚያ ከፕሬዚዳንቱ ጎን መቆም ብዙም አይጎዳም። ፎቶው ግን በማግስቱ ማለዳ፣ ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ፣ ማያሚና ታምፓም ይደርሳል። ክሪስት የሸሹት ያንን ፎቶ ነው። በማግስቱ አሸነፉ። ፓርቲያቸው ደግሞ በዚያው ቀን የተወካዮች ምክር ቤቱንም ሴኔቱንም አጣ።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው፤ ገሸሽ ማለት። ገሸሽ ያለ ሰው አልተጣላም፣ አልካደም፣ ከቤቱም አልወጣም። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። የአሜሪካን ምርጫ ለሚከታተል ሰው ይህ በየሁለት ዓመቱ የሚታይ ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲጠላ የፓርቲው ዕጩዎች አንድ በአንድ ፈቀቅ ማለት ይጀምራሉ። ለምን ያደርጉታል? ይጠቅማቸዋል ወይ? እኛስ መራጮች፣ በተለይ አሜሪካ ያለን ሐበሾች፣ ይህን ስናይ ምን እናስብ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ይህ ነገር ለብዙዎቻችን ክህደት ይመስለናል። ያደግንበት የፖለቲካ ባህል እንዲያ ስላስተማረን ነው። ኢሕአዴግ «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» የሚለው አሠራር ነበረው። አባሉ በስብሰባ ውስጥ ሊከራከር ይችላል። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ግን በአደባባይ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራል። ቅሬታ ካለ ቦታው ግምገማ ነው። በቴሌቪዥን ቀርቦ «እኔ በሊቀመንበራችን አልስማማም፤ ግን ምረጡኝ» የሚል ዕጩ የማይታሰብ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የኮንግረስ አባሉን የሚያስቀምጠው ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ፓርቲውም ከዝርዝር ውስጥ ሊሰርዘው አይችልም። የሚቀጥረውም የሚያባርረውም የአካባቢው ሰው ነው። ስለዚህ አባሉ ሁለት ጌታ አለው፤ ፓርቲውና አካባቢው። ሁለቱ እስከተስማሙ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው መሪው በአካባቢው ሲጠላ ነው። ያኔ የመሪው ጦስ ለአባሉ ይተርፋል።

ይተርፋል ስል ማጋነኔ አይደለም። የፕሬዚዳንት ምርጫ ከተካሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮንግረስ ምርጫ ይደረጋል፤ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ይሉታል። ፕሬዚዳንቱ እዚያ ላይ አይወዳደርም። ሰው ግን ንዴቱን የሚወጣው በቅርብ ባገኘው ሰው ላይ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በእንዲህ ያለ ምርጫ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሳያጣ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1998 እና በ2002። በ2010 በኦባማ ጊዜ ዴሞክራቶች 63 መቀመጫ አጥተዋል። ከነዚያ ከወደቁት መካከል ሥራቸውን በደንብ የሠሩ፣ የሰፈራቸው ሰው የሚያከብራቸው ነበሩ። አላዳናቸውም።

ስለዚህ ገሸሽ ማለት ይመጣል። ደረጃ አለው። ቀላሉ መቅረት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሲመጣ «ፕሮግራም ተደራረበብኝ» ማለት። ቀጥሎ ዝምታ አለ፤ በማስታወቂያው ላይ የፓርቲውን ስም አለመጥራት። ከዚያ ከፍ ሲል በገንዘብ የተገዛ ማስታወቂያ አውጥቶ «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ማለት አለ። በ2010 የዌስት ቨርጂኒያ ገዥ የነበሩት ዴሞክራቱ ጆ ማንቺን ለሴኔት ሲወዳደሩ ያደረጉትን ያየ ሰው አይረሳውም። ዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል አገር ናት። የኦባማ ፓርቲ ደግሞ የካርቦን ልቀትን የሚገድብ ረቂቅ ሕግ ይዞ ነበር። ማንቺን ማስታወቂያቸው ላይ ጠመንጃ ይዘው ወጡ፣ አነጣጠሩ፣ የረቂቅ ሕጉን ስም የያዘውን ወረቀት በጥይት በሱት። አሸነፉም።

ይህን የምጠቅሰው ጥይቱን ወድጄው አይደለም። መልእክቱ ግልጽ ስለነበረ ነው። አንድን የተወሰነ ሕግ ጠሩ፤ ለምን እንደሚጎዳ ተናገሩ፤ በኋላም ሴኔት ገብተው ብዙ ጊዜ ከፓርቲያቸው ተለይተው ድምፅ ሰጡ። መራጩ ሰውየው የት እንደቆመ ያውቅ ነበር።

ከዚህ ጋር የኬንታኪዋን አሊሰን ግራይምስን አስተያዩ። በ2014 ዴሞክራት ሆነው ከሪፐብሊካኑ ሚች ማኮኔል ጋር ለሴኔት ሲወዳደሩ አንድ የአካባቢው ጋዜጣ አዘጋጆች ፊት ቀረቡ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ «ኦባማን መርጠሻል?» መልስ አልሰጡም። ጥያቄው ተደገመ። ምርጫው ስለ ፕሬዚዳንቱ አይደለም አሉ። እንደገና ተጠየቁ። እንደገና ዞሩበት። በኋላ በክርክር መድረክ ላይ የድምፅ ምስጢርነት ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው አሉ። ሴትየዋ በ2012 የፓርቲው ጉባኤ ላይ ኦባማን ለመምረጥ የተላኩ ተወካይ ነበሩ። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር ነው የደበቁት። ኦባማን የሚጠላ ሰው በዚህ አይሸነገልም፤ ኦባማን የሚወድ ሰው ደግሞ ይከፋዋል። በ15 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ኬንታኪ ለዴሞክራት ከባድ ስለሆነች በሌላ መንገድም ያሸንፉ ነበር አልልም። ግን ሲወድቁ ክብራቸውንም ይዘው አልወደቁም።

በዚያው ሰሞን ኦባማ ራሳቸው ነገሩን አባሱት። እኔ በዚህ ምርጫ አልወዳደርም፣ ፖሊሲዎቼ ግን እያንዳንዳቸው ለምርጫ ቀርበዋል ብለው ተናገሩ። ሪፐብሊካኖች ንግግሩን ቆርጠው በየማስታወቂያው ላይ ሰቀሉት። ወራት ሙሉ «እኔና ኦባማ ለየቅል ነን» ሲሉ የከረሙ ዕጩዎች ድካም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውሃ በላው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ። ይህን ጉዳይ ለመረዳት ከኮሎራዶዋ አውሮራ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እኛንም ይነካል።

አውሮራ ከዴንቨር አጠገብ ናት። ሐበሻ የበዛባት ከተማ ናት። ሃቫና የሚባለው ጎዳና ላይ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ፣ እንጀራ፣ ቡና የሚሸጥ ቤት ታገኛላችሁ። ከአዳማ ጋር የእህትማማች ከተሞች ስምምነት አላት። የዚህች ከተማ አብዛኛው ክፍል ያለበትን የምርጫ ወረዳ ለዓመታት የወከሉት ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ናቸው። የቀድሞ የማሪን መኮንን ናቸው፤ ኢራቅ ዘምተዋል። መጀመሪያ ሲመረጡ ወረዳቸው ወግ አጥባቂ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ግን ድንበሩ ተቀየረና ስደተኛ የበዛበት ወረዳ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ኮፍማን ስፓኒሽ ተማሩ። በ2014 ከተፎካካሪያቸው ጋር በስፓኒሽ ቴሌቪዥን በስፓኒሽ ተከራከሩ። የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይም ይገኙ ነበር። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው፣ ሐበሻው «ኤችአር 128» እያለ የሚጠራው ውሳኔ በኤፕሪል 2018 በተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ከግንባር ቀደም ደጋፊዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ። ለዚያ ውሳኔ ስልክ ሲደውል፣ ደብዳቤ ሲጽፍ የከረመ የአውሮራ ሐበሻ ይህን ያውቃል።

በ2016 ትራምፕ የፓርቲው ዕጩ ሲሆኑ ኮፍማን ቀድመው ገሸሽ አሉ። ኦገስት ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ካሜራውን እያዩ፣ ሰዎች ስለ ትራምፕ ምን ታስባለህ ይሉኛል፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልወደውም አሉ። ፕሬዚዳንት ቢሆን እጋፈጠዋለሁ አሉ። ሠራላቸው። ወረዳው ለፕሬዚዳንትነት ሂላሪ ክሊንተንን በ9 ነጥብ ገደማ መረጠ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት፣ ኮፍማንን በ8 ነጥብ ገደማ መልሶ መረጠ። ብዙ ሺህ ሰው ላይኛው መስመር ላይ ዴሞክራት፣ ታችኛው መስመር ላይ ሪፐብሊካን መረጠ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። 2018 መጣ። ሰውየው ያው ናቸው። ስፓኒሹም አለ፣ ኤችአር 128ም አለ። በ2017 ሪፐብሊካኖች የኦባማን የጤና ሕግ ለመሻር ያመጡትን ረቂቅ ከተቃወሙት 20 ሪፐብሊካኖች አንዱ ነበሩ። በ11 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ገና ሴፕቴምበር ላይ የራሳቸውን ወገን የሚረዳው ትልቅ የገንዘብ ቡድን ሊያወጣላቸው የነበረውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሰርዞ ነበር፤ የትም አይደርሱም ብሎ።

ምን ተለወጠ? እስቲ የወጥ ቤት ጠረጴዛችሁ ላይ ተቀመጡ። ኮሎራዶ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በፖስታ እስከ መኖሪያው ድረስ ይልካል። ወረቀቱ ተዘርግቷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ እስክሪብቶው እጃችሁ ላይ ነው። «ማይክ ኮፍማን» የሚል ስም አለ። ከስሙ ጋር «ሪፐብሊካን» የሚል ቃል አለ። ትንሿ ክብ ባዶዋን ትጠብቃችኋለች። ይህች ክብ ሁለት ጥያቄ ነው የምትጠይቃችሁ። አንደኛው፣ ይህ ሰው ለእኔ ጥሩ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ የእሱ ፓርቲ ምክር ቤቱን ይያዝ ወይ? ሁለት ጥያቄ አለ፤ ማጥቆር የምትችሉት ግን አንድ ጊዜ ነው።

በ2016 ሁለተኛው ጥያቄ ብዙም አልከበደም። አብዛኛው ሰው ክሊንተን ያሸንፋሉ ብሎ ያስብ ነበር፤ ኮፍማን እዚያ ቢቀመጡ ምንም አይደለም። በ2018 ግን ትራምፕ ፕሬዚዳንት ናቸው። የስደተኛ ጉዳይ እሳት ሆኗል፤ የጉዞ እገዳው፣ ከድንበር ላይ ከወላጅ የተነጠሉ ልጆች። ፕሬዚዳንቱን ሊቆጣጠር የሚችለው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን ማን እንደሚመራ የሚወስነው ደግሞ የመቀመጫ ብዛት ነው። ኮፍማን የቱንም ያህል ደግ ቢሆኑ የምክር ቤቱ አመራር ሲቆጠር የሚቆጠሩት ለሪፐብሊካኖች ነው። ሰውየውን እየወደደ ለተቃዋሚያቸው ያጠቆረ ሰው ያደረገው ነገር ግራ የተጋባ ሰው ሥራ አይደለም። ሁለተኛውን ጥያቄ ነው የመለሰው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ተነስቼ የምለው ይህ ነው። ገሸሽ ማለት የሚመልሰው አንደኛውን ጥያቄ ብቻ ነው። «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ስትል መራጩ «እሺ፣ አምንሃለሁ» ሊልህ ይችላል። «ግን ድምፅህ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅህ መልስ የለህም። መሪው በጣም በተጠላበት ዓመት ሁለተኛው ጥያቄ አንደኛውን ይውጠዋል።

በ2018ቱ ምርጫ ማግስት ትራምፕ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ከእሳቸው የራቁትን ሪፐብሊካኖች በስም እየጠሩ ቆጠሩ። ኮፍማንን ጠሩ። የዩታዋን ሚያ ላቭን «ፍቅር አልሰጠችኝም፣ ተሸነፈች» አሉ። እኔን ስላልተጠጉ ነው የወደቁት ማለታቸው ነበር። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ትራምፕን በጠላ ወረዳ ትራምፕን ማቀፍ የባሰ ይጥል ነበር እንጂ አያድንም። የፖለቲካ መልእክቱ ግን ለቀሩት አባላት ደርሷል፤ ከእኔ የራቀ ሲወድቅ አላዝንም።

ሌላም ነገር አለ። ኮፍማንን ያሸነፉት ዴሞክራቱ ጄሰን ክሮው ራሳቸው ከመሪያቸው ገሸሽ ብለው ነው የተወዳደሩት። የዴሞክራቶች መሪ ናንሲ ፔሎሲ በብዙ ወረዳ አይወደዱም ነበር። ክሮው ፔሎሲን አልመርጥም አሉ፤ ኮንግረስ ሲገቡም ለአፈ ጉባኤነት ሌላ ሰው ጠሩ። ፔሎሲ አልተቆጡም። በዚያ ዓመት ለዕጩዎቻቸው ያስተላለፉት ቃል በአጭሩ «ብቻ አሸንፉ» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት አለ። የፔሎሲ ዓላማ ብዙ መቀመጫ ነበር፤ ስማቸው ቢነሳም ግድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዕጩው ሲርቅ ከኋላው የሚጎትተው የለም። ታማኝነትን ከመቀመጫ የሚያስበልጥ መሪ ያለው ዕጩ ግን ሁለት ግንባር ነው የሚዋጋው።

ያ ሁለተኛው ግንባር ፕራይመሪ ይባላል፤ የፓርቲው ደጋፊዎች ዕጩአቸውን የሚመርጡበት የውስጥ ምርጫ ነው። አገሩ መሪውን ቢጠላም የፓርቲው ጽኑ ደጋፊ ብዙ ጊዜ ይወደዋል። የሳውዝ ካሮላይናው ማርክ ሳንፎርድ የትራምፕን ጠባይ በግልጽ ይተቹ ነበር። በጁን 2018 በፕራይመሪው ቀን ከሰዓት በኋላ ትራምፕ በትዊተር ሳንፎርድን ነቅፈው ተፎካካሪያቸውን ምረጡ ብለው ጻፉ። ሳንፎርድ በፓርቲያቸው ሰው ተሸነፉ። ያሸነፈችው የትራምፕ ወዳጅ ደግሞ ኖቬምበር ላይ በዴሞክራት ተሸነፈች። ወረዳው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሪፐብሊካኖች እጅ ወጣ። አባሉም ሄደ፣ መቀመጫውም ሄደ።

በ2016 የኔቫዳው ጆ ሄክ የሆኑትም ይህንኑ ነው። ለሴኔት ሲወዳደሩ ትራምፕ ስለ ሴቶች የተናገሩት የድሮ ቅጂ ወጣ። ሄክ በማግስቱ የራሳቸው ደጋፊዎች ፊት ቆመው ድጋፌን አንስቻለሁ አሉ። የራሳቸው ሰዎች ጮኹባቸው። በሁለት ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው የእኛ ተረት ለሄክ የተነገረ ይመስላል። ገሸሽ የሚል ሰው ከተቃዋሚው ወገን ጥቂት ሊያገኝ ይችላል። ከራሱ ወገን ደግሞ ጥቂት ያጣል። ትርፉ የሁለቱ ልዩነት ነው። በጠባብ ውድድር ያ ልዩነት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል።

ቻርሊ ክሪስትም በመጨረሻ የያዛቸው ይኸው ነው። ቡሽን ጥለው የሄዱት ሰው በፌብሩዋሪ 2009 ኦባማ ፍሎሪዳ ሲመጡ መድረክ ላይ አቀፏቸው። ኢኮኖሚው ወድቆ ነበር፤ ፍሎሪዳ ገንዘቡን ትፈልጋለች። ቅጽበት ያህል የቆየች እቅፍ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት ለሴኔት ሲወዳደሩ የፓርቲያቸው ተፎካካሪ ማርኮ ሩቢዮ ፎቶዋን ከእጃቸው አላወጡም። ክሪስት ከፓርቲው ወጡ፣ በግል ተወዳደሩ፣ ተሸነፉ። በ2012 ዴሞክራት ሆኑ።

ታዲያ የተሳካለት የለም? አለ፤ ግን ጥቂት ነው። የሜይኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ አንዷ ናቸው። በ2020 ሜይን ባይደንን በ9 ነጥብ ገደማ ስትመርጥ ሪፐብሊካኗን ኮሊንስን ደግሞ ከ8 ነጥብ በሚበልጥ ልዩነት መረጠች። በውድድሩ ወቅት የወጡት የሕዝብ አስተያየት ውጤቶች ኮሊንስ ይሸነፋሉ ይሉ ነበር። ምን አዳናቸው? ከ1997 ጀምሮ ሴኔት ውስጥ ናቸው፤ ሜይን ትንሽ ናት፤ ሰው በአካል ያውቃቸዋል። በ2017 የጤና ሕጉን መሻር ከተቃወሙት ሦስት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዷ ነበሩ። ከምርጫው ጥቂት ቀን በፊት የትራምፕን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩ ብቻቸውን ከሪፐብሊካኖች ተለይተው ተቃወሙ። ርቀታቸው በማስታወቂያ ብቻ የተሠራ አልነበረም። ለዓመታት በድምፅ የተሠራ ነው። የማይደግፏቸው ሰዎች በሌሎች ውሳኔዎቻቸው ይወቅሷቸዋል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ግን የራሳቸው ስም ነበራቸው።

እንዲህ ዓይነቱ ስም አሁን እየጠፋ ነው። በ2016 የሴኔት ምርጫ በተደረገበት ግዛት ሁሉ በዚያ ግዛት የፕሬዚዳንት ምርጫውን ያሸነፈው ፓርቲ ሴናተሩንም ወሰደ። ሴናተሮች በሕዝብ በቀጥታ መመረጥ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በ2020 ከዚህ የወጣችው ሜይን ብቻ ናት። ምክንያቱ ብዙ ነው። የአካባቢ ጋዜጦች ተዘግተዋል፤ ተወካይህ ለሰፈርህ ምን እንደሠራ የሚነግርህ የለም። ዜናው ሁሉ ከዋሽንግተን ነው፣ በስልክህ ላይ ነው፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው። የምርጫ ገንዘቡም ከሌላ ግዛት ሰው ኪስ ይመጣል። ያ ሰው ስለ ሰፈርህ መንገድ ምንም አያገባውም።

የፓርላማ ሥርዓት ያላቸው አገሮች ሌላ መንገድ አላቸው። ከመሪው ከመራቅ መሪውን ይለውጡታል። በ1990 እንግሊዝ ውስጥ የማርጋሬት ታቸር አዲስ የነፍስ ወከፍ ግብር ሕዝቡን አስቆጣ። የፓርቲያቸው የፓርላማ አባላት መቀመጫችንን ልናጣ ነው ብለው ፈሩ። ለመሪነት ድምፅ ሲሰጥ ታቸር 204፣ ተፎካካሪያቸው 152 አገኙ። በደንቡ መሠረት ለማሸነፍ አራት ድምፅ ጎደላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እለቃለሁ አሉ። ጆን ሜጀር ተተኩ፤ ፓርቲው በ1992 እንደገና አሸነፈ። ካናዳም በቅርቡ ተመሳሳይ ነገር አሳይታለች። የጀስቲን ትሩዶ ፓርቲ በሕዝብ አስተያየት ከ20 ነጥብ በላይ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሯ በዲሴምበር 2024 ለቀቁ፤ የራሱ የፓርላማ አባላት ይውረድ አሉ። ትሩዶ በጃንዋሪ 2025 እለቃለሁ አሉ። ማርክ ካርኒ ተተክተው በኤፕሪል አሸነፉ። የትራምፕ የቀረጥ ዛቻ ካናዳውያንን ማስቆጣቱም ረድቷቸዋል። ግን አዲስ ፊት ባይኖር ያ ቁጣ ለማን ይጠቅም ነበር? መሪው ራሱ ሲወርድ ሁለተኛው ጥያቄም አዲስ መልስ ያገኛል።

አሜሪካ በ2024 በሁለቱ መካከል ወደቀች። ባይደን በጁን 27ቱ ክርክር ላይ ከተሰናከሉ በኋላ ፓርቲው በግድ የሚያወርድበት መንገድ አልነበረውም። በፕራይመሪው የተገኙት፣ በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን የሚመርጡት ተወካዮች የእሳቸው ናቸው። የቀረው በአደባባይ መናገር ብቻ ነው። የቴክሳሱ ሎይድ ዶጌት በጁላይ 2 ቀድመው ወጡ። በ1968 በቃኝ ያሉትን ሊንደን ጆንሰንን ጠቅሰው ባይደንም ያንን እንዲያደርጉ ጠየቁ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ቁጥሩ ከ30 በለጠ። ባይደን በጁላይ 21 ወጡ። የተተኩት ግን ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ ናቸው። ኦክቶበር ላይ በቴሌቪዥን፣ ከባይደን የተለየ ምን ታደርጊ ነበር ተብለው ሲጠየቁ ወደ አእምሮዬ የሚመጣ ነገር የለም አሉ። ምክትል ፕሬዚዳንት ገሸሽ ማለት ይከብደዋል፤ ሁሉንም አብሮ ፈርሟል። ያም ሆኖ የሚጠቅሱት አንድ ነገር እንኳ ማጣታቸው በጣም ጎዳቸው።

በዚያው ምርጫ የሞንታናው ዴሞክራት ሴናተር ጆን ቴስተር የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ባይደን ይውጡ አሉ። ሃሪስን እደግፋለሁ አላሉም። የፓርቲው ጉባኤ ላይ አልተገኙም። ሃሪስ ሞንታናን በ20 ነጥብ ገደማ ሲሸነፉ ቴስተር በ7 ገደማ ተሸነፉ። እነሆ ገሸሽ ማለትና የራስ ስም አንድ ላይ ሆነው የሚያመጡት ትልቁ ነገር ይህን ያህል ነው። አስራ ሦስት ነጥብ ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰው ሥራውን ለማዳን ግን አልበቃም።

መራጭ ሆኜ ስመለከተው ገሸሽ የሚልን ሰው አልንቀውም። ተወካዬ የእኔ ተወካይ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ አገልጋይ አይደለም። ግን ማስታወቂያውን አላምንም። የምክር ቤቱ የድምፅ መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማን ምን ላይ «አዎ»፣ ምን ላይ «አይ» እንዳለ በስም ይታያል። ኮፍማን የጤናውን ረቂቅ እንደተቃወሙ ያሳያል፤ በዚያው ዓመት የትራምፕን የግብር ሕግ እንደደገፉም ያሳያል። የእኛ ማኅበረሰብ ዕጩ ሲጋብዝ ፎቶ ከመነሳት በፊት ያንን መዝገብ አትሞ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ ደስ ይለኛል።

የኮፍማን ታሪክ በ2018 አላበቃም። በቀጣዩ ዓመት ለአውሮራ ከንቲባነት ተወዳደሩ። ሰውየው ያው ናቸው፣ ከተማዋም ያቺው ናት፣ ዋይት ሐውስ ያሉትም ያው ትራምፕ ናቸው። የአውሮራ ከንቲባ ምርጫ ግን የፓርቲ ምርጫ አይደለም። ወረቀቱ ላይ «ማይክ ኮፍማን» የሚል ስም አለ፤ ከስሙ ጋር ሌላ ምንም አልተጻፈም። በጥቂት መቶ ድምፅ አሸነፉ።